በስሜ አጉርሻት

ስቶን ማውንቴን፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጦይባ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። እጅዎን ስሜ፣ ጉልበትዎ እንዴት ዋለ፣ ክረምቱስ እንዴት አወጣዎ ብዬ እጀምራለሁ። ስልክ ለጆሮዎ እንደማይሆን ስለማውቅ፣ ዑስማን ሸቀጡን ይዞ በተመላለሰ ቁጥር ወረቀት እልክልዎታለሁ ብዬ ነበር። ይኸው የመጀመሪያው። የአክስትዎን ልጅ ከቤትዎ አስገብተው ያሳደጉኝ እርስዎ፣ ዛሬ ደግሞ ከልጅዎ ቤት ሆኜ የልጅዎን ልጅ እጠብቃለሁ። አልሐምዱሊላህ።

ሉቅማን ሌሊት ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፣ ቀን ይተኛል። ሚስቱ ሱመያ ጠዋት ሚድታውን ቢሮዋ ትሄዳለች፣ ሲመሻሽ ትመለሳለች። በመሃል ያለነው እኔና ሩሚሳ ነን።

ሩሚሳ ስድስት ወር ሞላት። ሐኪሟ ምግብ ትጀምር አለች። እኔም ደስ ብሎኝ አጥሚት ላዘጋጅ ድስት ፍለጋ ስነሳ ሱመያ ሳቀችብኝ።

«አክስቴ፣ ሪላክስ። ራሷ ነው የምትበላው።»

«በምኗ?»

«በእጇ ነዋ።»

እዚህ «ፊንገር ፉድ» የሚሉት ነገር አለ፤ በጣት የሚበላ ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በጣቴ በልቼ ስሙን ገና አሁን ሰማሁ። ካሮት ወይ ስኳር ድንች በእንፋሎት ይበስልና በትልቅ ሰው ጣት ልክ ይቆረጣል። በሁለት ጣት ሲጫኑት ካልፈረጠ አይሰጣትም። ከፊቷ ይቀመጥላታል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካትም። ማንኪያ የለም። ማጉረስማ ጭራሽ የለም። አቮካዶውን ትይዘዋለች፣ ያመልጣታል፣ ግንባሯን ትቀባዋለች፣ ጆሮዋ ውስጥ ትከተዋለች። ከአሥሩ አንዱ አፏ ይገባል። እኔ ሁለት እጄን ጉልበቶቼ መሃል ከትቼ ነው የማያት፤ አለበለዚያ ሳላስበው ይሄድብኛል።

ሉቅማን ከእንቅልፉ ተነስቶ ሲያየን ምን አለ መሰለዎት፦ «እናቴ ይህን ብታይ! እኔን እስከ አንደኛ ክፍል ነበር ያጎረሰችኝ። ፊንገር ፉድ የጀመርኩት አሜሪካ ገብቼ ነው።» ሱመያም «የት ጀመርክ! አሁንም ካላጎረስኩህ አትበላም» አለችው። እንዲህ እየተባባሉ ይውላሉ። ቤታቸው ሰላም ነው፤ ይህን መጻፍ ደስ ይለኛል።

ሱመያ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፋለች። የተፈቀደው በአረንጓዴ፣ የተከለከለው በቀይ ነው። በቀዩ ሙሉ የወይን ፍሬ፣ ኦቾሎኒ፣ ማር፣ የሚጣበቅ ጣፋጭ ሁሉ ተጽፏል። ከሥር ደግሞ ሁለት ቃላት አሉ። ልጅ ሲበላ ድምፅ እያሰማ ካሳለ፣ ዓይኑ ካነባ፣ ያ «ጋግ» ነው፤ ይተውት፣ ራሱ ያወጣዋል። ድምፁ ከጠፋ ግን «ቾክ» ነው፤ ያኔ ደፍቶ ጀርባውን መምታት፣ ናይን ዋን ዋን ለሚሉት ለአደጋ ስልክ መደወል።

«በአማርኛ ሁለቱም አንድ ናቸው አይደል፣ አክስቴ?» አለችኝ።

«እንዴት አንድ ይሆናሉ! ያኛው ትን አላት ነው። ይሄኛው አነቃት ነው።»

ደስ አላት። እስኪብርቶ ሰጥታኝ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ጋግ፦ ትን አላት። ቾክ፦ አነቃት። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ስለቅም ያውቁኛል፤ ጽሑፌ ግድግዳም ፍሪጅም ላይ ተለጥፎልኝ አያውቅም። ለውሃም ለወተትም በሩን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ።

አላህ ከዕድሜ ላይ ጤና ይጨምርልዎ። ሩሚሳ በአቮካዶ እጇ ሰላም ብላዎታለች።

ታናሽዎ ዋሲላ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዋሲሌ፣ የኔ ዓለም፣

የነቢዩ ሰላም በቤታችሁ ይደር። ወረቀትሽን ሦስቴ አነበብኩት። ለጎረቤቴ ለአፀደም አነበብኩላት። ምን አለች መሰለሽ? «አሜሪካ ሰው አልቆ ነው ሕፃን ራሱን የሚያጎርሰው?» አለችኝ። አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ! እጅሽን ጉልበትሽ መሃል ከተሽ! ምነው፣ እጅሽ ተሰበረ?

ልጅቱ በጣቷ ትልመድ፣ አልቃወምም። እናቷ ታውቃለች፣ ተምራለች። ግን አንድ ነገር እንዳይቀርብኝ። ስትወለድ ቴምር አላምጦ ላንቃዋን የነካላት የሱመያ አባት ነው። ይሁን፣ ደስ ብሎኛል። የእኛ ወገን እጅ ግን አላረፈባትም። እኔ በዚህ ጉልበቴ፣ በዚህ ጆሮዬ እዚያ አልመጣ። እሷም መቼ እንደምትመጣ አላህ ያውቃል። በፎቶ ብቻ አውቂያት እየተባልኩ እስከ መቼ?

ሐጂ አብዱልወሀብ ከመዲና ያመጡልኝን ቴምር በዑስማን ልኬልሻለሁ። ትንሽ ሣጥን ናት። ከውስጧ አንዲት ፍሬ አውጪ፣ ቴምሯን አላምጠሽ አለስልሻት፣ በጣትሽ ላንቃዋን ዳስሺላትና በስሜ አጉርሻት። «ይህ ከአያትሽ ነው» በያት። አንድ ጊዜ ብቻ። ለሱመያ አትንገሪያት። በቀይ ጽፋም እንደሆነ የጻፈችውን እሷ ታንብበው፤ እኔን ማንም በቀይ አልጻፈኝም።

ከቀመሰች በኋላ ፊቷን ምን እንዳደረገች አንድ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ሉቅማንን፣ ጋቢውን ለብሶ ይተኛ በይው፤ ቀን የሚተኛ ሰው ብርድ ይመታዋል።

እናት እህትሽ ጦይባ


ስቶን ማውንቴን፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጦይባ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዑስማን ቴምሩን በደኅና አድርሶልኛል። ሩሚሳ በስምዎ ቀምሳለች። ደኅና ናት። ከታች ሁለት ጥርስ አወጣች።

ሉቅማን ሥራው ሳንዲ ስፕሪንግስ በኩል ስለበዛ ለጊዜው እዚያ ዑመር ከሚባል ጓደኛው ጋር ነው። ስላልጻፈልዎ አይቀየሙት። ጋቢውን ይዞ ሄዷል።

ብርዱ በርትቷል። የፍሪጁን ወረቀት ሱመያ አንስታዋለች። የምጽፈው ሌላም ነበረኝ፤ እጄ ዛሬ እምቢ አለኝ። ዱዓ ያድርጉልን።

ዋሲላ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዋሲሌ፣

ሰላም ብያለሁ፣ ተቀይሜም ቢሆን። ግማሽ ገጽ የማይሞላ ወረቀት አገር አቋርጦ ይመጣል? «ቀምሳለች» ብለሽ ዝም! ፊቷን ምን አደረገች? ጨፈገገች? ሳቀች? ተፋችው? እኔ ስንት ሌሊት ይህን ስጠብቅ ኖሬ አንቺ ጥርስ ትቆጥሪልኛለሽ።

ሌላም ነገር አለ። የዑስማን ሚስት ገበያ መሃል፣ ሰው እየሰማ፣ «ሉቅማን ከቤቱ ወጥቷል አሉ፣ ምነው?» አለችኝ። ጆሮዬ አይሰማም ብላ ጮክ ብላ። ሥራ ነው ብዬ ሸፈንኩት፤ የአንቺኑ ቃል ደገምኩላት። ስመለስ ግን ወረቀትሽን አውጥቼ እንደገና አየሁት። ሰው ለሥራ ሲሄድ ጋቢ ይዞ አይሄድም።

ሱመያ ናት? ንገሪኝ። እዚያ ያደገች ልጅ ስትቆጣ ምን እንደምታደርግ አላውቅም፤ ከመጀመሪያውም የፈራሁት ይህንን ነው። ልጄ ሌሊት ሌሊት ያለ እንቅልፍ የሚነዳው ለማን ነው? እሷ ከሆነች አትሸፋፍኚላት። በዚያ ቤት የኔ ዓይን አንቺ ነሽ። ከልጄ ጎን ቁሚ።

ቴምሯን ከወደደቻት ሌላ ሣጥን አዘጋጅቻለሁ። ዑስማን ሲመጣ እሰጠዋለሁ።

ጦይባ


ስቶን ማውንቴን፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ቴምሩን አይላኩ። ከሰላምታ በፊት ይህን በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ።

ሱመያን አይጠርጥሩ። ሉቅማንን ከቤቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 10 ቀን፣ ሐሙስ ነበር። ሱመያ ሥራ ናት፤ ሉቅማን መኝታ ቤት ተኝቷል። ሩሚሳን ወንበሯ ላይ አስቀምጬ ከሣጥኑ ሁለት ፍሬ አወጣሁ፣ ዘራቸውን አወጣሁ። አንዱን አላምጬ በጣቴ ላንቃዋን ዳሰስኩላት። «ይህ ከአያትሽ ነው» አልኳት። የጠየቁኝን ልመልስ፦ መጀመሪያ ጨፈገገች። ከዚያ ምላሷን አወጣች። ከዚያ ሳቀች፣ እትዬ። እጇን ዘርግታ ድገሚኝ አለችኝ።

እጄን ልታጠብ ዞርኩ። ሁለተኛው ፍሬ ሳህን ላይ ነበር፤ ሳህኑ እጇ ከሚደርስበት ላይ። ሁለት ወር ሙሉ ከፊትሽ ያለውን አንስተሽ ብዪ ስንላት የኖረች ልጅ ናት። አነሳችው።

ስመለስ ድምፅ የለም። አፏ ተከፍቷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጮኽኩ። ሉቅማን በባዶ እግሩ መጣ፣ ከወንበሩ ነጥቆ ክንዱ ላይ ደፋት፣ መንጋጋዋን በእጁ ጨብጦ ጀርባዋን መታት። እኔ ስልክ ይዣለሁ። ናይን ዋን ዋን ላይ ያለችው ሴትዮ ምን ሆነ ትለኛለች። የማውቀው ቃል ያ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። በልቤ «ቴምሩ አነቃት» እላለሁ። ቴምር ለእኔ «እሱ» ነው። እሱ አነቃት። ቃል በቃል መለስኩላት፦ «ሂ ቾክ ኸር! ሂ ቾክ ኸር!» አልኩ፣ ደጋግሜ። «ሁ? ፋዘር?» አለችኝ። አባቷ ቤት አለ ወይ ያለችኝ መሰለኝ። «የስ፣ ፋዘር፣ የስ» አልኳት።

በእነሱ ቋንቋ «ሂ» የሚባለው ወንድ ሰው ነው፤ ዕቃ በዚያ አይጠራም። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ማን፣ አባቷ? ብላ ስትጠይቀኝ፣ አባቷ አንገቷን ይዞ አነቃት ብዬ ነበር የነገርኳት።

በአምስተኛው ምት ቴምሩ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ሩሚሳ አለቀሰች። ሉቅማን እሷን ደረቱ ላይ አጣብቆ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። በሩ ተንኳኳ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። በቀይ የተጻፈ ነው፤ ሱመያ ካየችው ትሰደኛለች፣ ከሩሚሳ ትለየኛለች አልኩ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና ዋጥኩት።

የገቡት የአምቡላንስና የፖሊስ ሰዎች የሉቅማንን የጣት ምልክት መንጋጋዋና አንገቷ ሥር አዩ። ጀርባዋ ቀልቷል። በስልክ አስተርጓሚ አመጡና ምን በልታ ነበር አሉኝ። «ካሮት» አልኩ። ቢፈልጉ ካሮት የለም። ሉቅማንን ጠየቁት። ከአፏ ምን እንደወጣ አላየም፤ እሱ የሚያየው ፊቷን ነበር። «አክስቴ ካሮት ካለች ካሮት ነው» አለ።

አመነኝ፣ እትዬ። በዚያው ዕለት፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ከልጁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድር ተባለ። ጋቢውን ክንዱ ላይ አድርጎ ወጣ።

አርባ ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል፣ እኔ ሳልናገር ያልፋል እያልኩ። ያችን ግማሽ ገጽ የጻፍኩልዎ በዚያ መሃል ነው። አንድ ቀን ሱመያ የሩሚሳን ወንበር እያጠበች ሳለ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አድርጎት ነው?»

«ምኑን?»

«ዩ ኖው... እንቅልፍ ሳይጠግብ፣ በለቅሶዋ ተነስቶ... ሰው ነው። ቴል ሚ።»

እሷም መጠርጠር ጀምራ ነበር። ያኔ ሁሉን ነገርኳት። ቴምሩን፣ የእርስዎን ወረቀት፣ «ሂ» ያልኩትን፣ የዋጥኩትን። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ስፖንጁን አስቀመጠች፣ ሩሚሳን አቀፈች፣ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ የቴምሩን ሣጥን ይዤ የሉቅማን ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ሊዲያ ትባላለች፣ እዚህ የተወለደች የኛው ልጅ ናት። ቃሌን ሁሉ ጻፈች። ከዚያ የስልኩን ቅጂ አሰማችኝ። የገዛ ድምፄን ሰማሁት፣ ያን ቃል ሲደጋግም።

«አክስቴ፣ እኔ አምንሻለሁ» አለችኝ። «ግን የቴምር ሣጥን የሚያስረዳው ቴምር መኖሩን ነው። መጀመሪያ ይህ ድምፅ አለ፤ ቀጥሎ ካሮት አልሽ፤ አሁን ቴምር አልሽ። ዘመዷን ልታድን ቃሏን ቀየረች ነው የሚሉት።»

እንዳለችውም ሆነ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ከየካቲት ወደ መጋቢት፣ ከመጋቢት ወደ ሰኔ ሄደ። እኔ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ፤ ሐምራዊት የምትባል ሴት ቤት አንድ ክፍል ይዤ ሥራ ጀምሬያለሁ። ሩሚሳን አላይም። ሱመያ አንድ ቀን ታምነኛለች፣ አንድ ቀን አታምነኝም። የጠየቀችኝን ለሉቅማንም ነግራዋለች፤ ልትደብቀው አልፈለገችም። «ፍርድ ቤቱ ቢለቀኝ እንኳ፣ ያን እንዴት አድርጌ እንደምረሳው አላውቅም» አለኝ።

እሱ ልጁን የሚያየው ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ነው፤ ፍርድ ቤቱ የመደባት አንዲት ሴት ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ያለፈው ቅዳሜ ሱመያ ሙዝ በጣት ልክ ቆርጣ ልካ ነበር። ሩሚሳ አንዱን አንስታ ወደ አባቷ አፍ ዘረጋች። ልታጎርሰው ነው፤ ማንም አላስተማራትም። እሱ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ ከወረቀቷ ቀና እስክትል ሙዙ ከጣቷ ወደቀ።

ይህን የነገረኝ ከሥራ ሊያደርሰኝ መጥቶ ነው። አሁንም ያደርሰኛል፣ አሁንም አክስቴ ይለኛል። «አየሽ፣ ለኔም ፊንገር ፉድ ጀመሩልኝ» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ መኪናውን ዳር አውጥቶ ፓርክ አደረገ።

ያነቃት እሷ የላከችው ቴምር መሆኑን ለእናቴ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ ነበር። መሐላውን ያፈረስኩት ሌላ ሣጥን እልካለሁ ስላሉኝ ነው። ዱዓ ያድርጉልን ለማለት አፍ የለኝም።

ዋሲላ


ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዋሲላ፣

ወረቀትዎ ግንቦት ላይ ደርሶኛል። ዑስማን ከዚያ ወዲህ መጥቶ ሄዷል፤ ባዶ እጁን ሸኘሁት። ይህን የሰጠሁት ለሌላ መንገደኛ ነው።

የሰኔው ቀጠሮ ወደ መስከረም መዛወሩን ልጄ በጽሑፍ አሳውቆኛል። ስለ ቴምሩ ምንም አላነሳም፤ እኔም እንዳላወቀ ሆንኩለት።

ልልከው የነበረውን ሣጥን ቤቴ ላየው ስላልቻልኩ ለአፀደ ልጆች ሰጠሁ። በራቸውን ሳልፍ ነፍሴ አልችል አለች። በዚህ ጉልበቴ ተመልሼ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። ትልልቅ ልጆች ናቸው፣ ሳቁብኝ። አፀደ ግን አልሳቀችም። አሁን ሣጥኑ አልጋዬ ሥር ነው። ለማን እንደሚሰጥ አላውቅም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጽፍም። ቴምሯን የላክሁ እኔ ነኝ። ለሱመያ አትንገሪያት ያልኩም እኔ ነኝ። ይህን ሌላ ሰው ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ ሲነጋም ሲመሽም ለራሴ እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እኛ አገር ትንሽ ነገር «እሷ» ነው የሚባለው። ቁልፏ፣ ስኒዋ፣ ቴምሯ። እርስዎ እዚህ ቤቴ ሲያድጉ «ቴምሯን ስጪኝ» እያሉ ነበር ቀሚሴን የሚጎትቱት። መቼ ነው «እሱ» ማለት የጀመሩት? ያን ዕለት እንደ ልጅነትዎ «እሷ አነቀቻት» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ልጄን ማንም አይጠይቀውም ነበር። ሰዎቹ በሩን ሲከፍቱ የሚያገኟትና የሚጠይቋት ሌላ «እሷ» በቤቱ ነበረች።

ዑስማን መስከረም ላይ ሲመጣ ወረቀት አይስጡት።

የአፀደን ትልቋን ልጅ፣ በእንግሊዝኛ «እሷ» ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኳት። «ሺ» ነው አለችኝ። ትንሽ ቃል ናት።

ጦይባ